አህያ የቀነስንበት ቀን

እስራኤል አገር፣ አፉላ ከተማ ውስጥ በአንድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የኮምፒውተር ጨዋታ አሠራርና ፕሮግራሚንግ አስተምራለሁ። ሲያወሩት ደስ ይላል። ሥራው ግን አንዲት የተረሳች ቅንፍ ፍለጋ ከሃያ ልጅ ጀርባ እየተዞረ ጎንበስ ቀና ማለት ነው፤ ከጭንቅላት ይልቅ ወገብ ይፈልጋል።

ያን ቀን ከእረፍት በፊት ስልኬ ጠራ። የአንዲት ተማሪዬ አጎት ነበሩ። ልጅቱ ከእናቷ ጋር ከጎንደር ከመጣች ሁለት ዓመቷ ነው፤ ጊቫት ሃሞሬ ሰፈር እሳቸው ቤት ይኖራሉ። አባቷ ግን የመግቢያ ፈቃድ እየጠበቀ፣ ባጃጅ እየነዳ እዚያው ቀርቷል።

«መምህር፣ አባቷ ትናንት ዐርፏል» አሉኝ። «እሷ አልሰማችም። መርዶውን የሚነግሯት ሽማግሌ ፋብሪካ ናቸው፣ ሚሽሜሬት ላይ። እሳቸው እስኪወጡ ልጅቱን እዚያው አቆይልን። ከአፍህ እንዳይወጣ፣ አደራ።»

እሺ ብዬ ዘጋሁት። ምንም አልተሰማኝም። አደራ ጥብቅ፣ ሰማይ ሩቅ ይባላል። አገር ቤት ቢሆን ዘመድ አዝማድ ተሰብስቦ ጎህ ሲቀድ በር ያንኳኳል፤ እዚህ መርዶም ሚሽሜሬት፣ የፋብሪካ ፈረቃ፣ ይጠብቃል።

ልጅቱ የምትሠራው ጨዋታ የጎንደር ባጃጅ ነበር። ተጫዋቹ ጉድጓድና አህያ እየሸሸ ተሳፋሪ ያደርሳል። ከሦስት ቀን በፊት ለአባቷ ልካለት፣ ስልኩ አሮጌ ነውና አልከፈት ብሎት ነበር። ትምህርት አልቆ ቦርሳዋን ስታነሳ ሳያት ዘዴው ወዲያው መጣልኝ።

«ቆዪ እስኪ፣ ጨዋታሽን እናቅልለው። በአባትሽ ስልክ እንዲከፈት» አልኳት።

ቦርሳዋን አስቀመጠች።

ሁለት ሰዓት ሙሉ ሠራን። ሥዕሎቹን አሳነስን፣ ሙዚቃውን አወጣን። የሞተሩን ድምፅ ግን አባቷ ይወደዋልና እንዳንነካው ለመነችኝ፤ ተውነው። አህዮቹን ከአሥር ወደ ሦስት ቀነስን።

«አባቴ ይህን ሲያይ፣ ይቺ ጎንደር አይደለችም ነው የሚለኝ» ብላ ሳቀች።

እኔም ሳቅሁ። አፌ ሳቀ ብል ይሻላል። ግን በደንብ አስተማርኳት፤ ምን ለምን እንደሚቀነስ አንድ በአንድ፣ በትዕግሥት። ሌላ ቀን እንዲህ ታጋሽ አይደለሁም።

ጨርሰን ከክፍሉ ኮምፒውተር ላከችለት።

«ሞሬ፣ አሁን ይከፍተዋል፣ ናኾን?» አለችኝ፤ አይደል ማለቷ ነው። እዚህ አገር ለመምህር አንቱ የለም፤ ሞሬ ብቻ ነው።

«ይከፍተዋል» አልኩ።

አጎቷ በመኪና መጥተው ወሰዷት። እኔ በአውቶቡስ መሀል ከተማ ወረድኩ፣ ዳቦ ገዛሁ፣ ቤቴ ገባሁ። አለቅስ ይሆናል ብዬ ራሴን ጠበቅሁት፤ አላለቀስኩም። እራቴን በላሁ።

የሐዘኑ ሰባት ቀን አልፎ ወደ ክፍል ተመለሰች። ሁሉም ሲወጣ ቀርታ ጠረጴዛዬ አጠገብ ቆመች።

«አጎቴ የደወለልህ እኛ ከመላካችን በፊት ነው?»

«በፊት ነው።»

«ጨዋታውን እናቅልለው ስትለኝ ታውቅ ነበር?»

«አውቅ ነበር» አልኳት። «ወጋችን ነው። የእናቴን ሞት እኔም ከሰው ሁሉ በኋላ ነው የሰማሁት።»

«ወጉን አውቀዋለሁ» አለች። ድምፅዋ ረጋ ያለ ነበር። «ሌላ ሥራ ብትሰጠኝ ቁጭ ብዬ እሠራ ነበር። ፈተና ብትሰጠኝም። ጎንደር አባቴን ሲቀብሩት እኔ አህያ እየቀነስኩ እስቅ ነበር። አንተም ታየኝ ነበር።»

«አይሽ ነበር» አልኳት።

አፈርኩ። ከዚያ ሁሉ ቀን በኋላ መጀመሪያ የተሰማኝ ነገር እሱ ነው። ቦርሳዋን አንግታ ወጣች። ይቅርታ ያልኩት በሩ ከተዘጋ በኋላ ነው።