ቆጥ ላይ የወጣው ሩዝ

ገላነሽ ያደገችው ቁሐር ሚካኤል ነው። እዚያ ክረምት ገብቶ ውሃው ሜዳውን ሲውጠው እህሉ ሁሉ ቆጥ ላይ ይወጣል። ወረታ መጥታ ከማዘጋጃ ቤቱ በተከራየቻት ሱቅ ሩዝ መሸጥ ከጀመረች ወዲህ ግን ውሃን ረስታ ነበር።

ዘንድሮ ማዘጋጃ ቤቱ የመሀል ከተማ ሱቆቹን ያፍርሳቸው ወይስ ይተዋቸው እንደሆነ ኮሚቴ አቋቁሞ እየመከረ ነው ተባለ። ምክሩ አያልቅ፣ ውጤቱ አይሰማ። ገላነሽ ተቀምጣ ትነሣለች፣ በር ወጥታ ትመለሳለች። በመጨረሻ እጇ የለመደውን አደረገ፤ ከሱቁ ጓዳ ቆጥ አሠርታ ሩዙን በሙሉ እዚያ ሰቀለችው።

«ኧረ ተይ፣ ገበያተኛው ምን ይበል?» አላት ጎረቤቷ ታጁ።

«ድንገት ቢመጡስ?»

በማግስቱ መጡ። የኮሚቴው ሰብሳቢ አንገቱን አስግጎ ባዶውን ሱቅ አየና ወደ ባልደረቦቹ ዞረ።

«ይች እንኳ ሥራ አቁማለች። ማፍረሱን ከዚች እንጀምር።»