ምናለ ሽማግሌ የላከ ዕለት

ቢቸና ውስጥ ምናለ ጋራዥ የገባ መኪና ኮፈኑ ሳይከፈት በሽታው ይነገረዋል። ምናለ ዓይኑን ጨፍኖ፣ አንገቱን ዘንበል አድርጎ ያዳምጥና «ሁለተኛው ኖዝል ነው» ወይም «ፖምፓው አየር ስቧል» ብሎ ይፈርዳል። ብዙውን ጊዜ ልክ ነው። ልክ ሳይሆን ሲቀር ደግሞ ጥፋቱ የናፍጣው፣ የመንገዱ፣ ካልሆነም ከእሱ በፊት መኪናውን የነካው መካኒክ ነው። የራሱ ሆኖ አያውቅም። በዚህ በኩል ከሌሎቹ የአገሩ መካኒኮች ምንም አይለይም።

አርባ ዓመት ሊሞላው ጥቂት ሲቀረው ግን ይህ ሰው ለሞተር እንጂ ለሌላ ነገር እንዳልተፈጠረ ታወቀ። ሞጣ መለዋወጫ ከምትሸጠው ከአርሴማ ፊት ሲቆም ጆሮው ጭው ይላል፣ ምላሱ ይተሳሰራል። ከአፉ የሚወጣው «የናፍጣ ፊልትሮ አለ?» የሚል ብቻ ነው። እሷም «አለ» ትለዋለች። ገዝቶ ይመለሳል። እንዲህ እያለ የሰበሰበው ፊልትሮ ለወረዳው መኪና ሁሉ ተርፎ መደርደሪያውን ሲያጨናንቀው፣ አንድ ቀን አርሴማ ሳቋን ዋጥ አድርጋ፣

«ስማ እንጂ፣ ፊልትሮ መግዛቱን ተውና ሽማግሌ ላክ» አለችው።

መላኩ ቀላል ነው፤ ጭንቁ አባቷ ናቸው። ጋሼ ኃይለ ጊዮርጊስ የሞጣ አንጋፋ መካኒክ ሲሆኑ መካኒክ የሚባል ፍጡር ግን ባይናቸው አይሞላም። «መካኒክ ውሸታም ነው፤ ከራሴ አውቀዋለሁ» ይላሉ። ያም ሆኖ ለምናለ ሽማግሎች የቅዳሜን ረፋድ ቀጠሩ። ለእሑድ ደግሞ የአንድ ሀብታም እህል ነጋዴ ሽማግሎች ቀጠሮ ይዘዋል። ቅዳሜ ከተበላሸ እሑድ አርሴማ የነጋዴው ናት።

ምናለ ሦስት ሽማግሎች መረጠ፤ የቅኔ መምህሩን የኔታ ፍቅረ ሥላሴን፣ የእድሩን ዳኛ አቶ ስጦታውን፣ ጆሯቸው ከበድ ያለውን አጎቱን። የሚሄዱት በጓዴ አሮጌ ላንድክሩዘር ነው። ጓዴ ጓደኛው ነው፤ መኪናዋ ደግሞ የዘወትር ታካሚው ናት። ዓርብ አመሻሹ ላይ ምናለ አንድም ቡሎን ሳያልፍ ሲፈትሻት የታንከሯን ክዳን ልል ሆኖ አገኘው። ቁልቁለት ላይ ናፍጣ ትተፋለች፤ ሽታው ወደ ውስጥ ይገባል። የኔታ ነጭ በነጭ ለብሰው፣ ናፍጣ ናፍጣ እየሸተቱ ጋሼ ኃይለ ጊዮርጊስ ቤት ሊገቡ! ከአሮጌ ጎማ ላስቲክ ክብ አድርጎ ቆረጠ፤ ክዳኑ ላይ ያለችውን ትንሽ ቀዳዳ በማስቲሽ ሞላ፤ በላዩ ፌስታል ጠቀለለና ጥርቅም አድርጎ ዘጋው።

«እስትንፋስ እንኳ አታልፍበትም» አለው ለጓዴ፣ እጁን እየጠራረገ።

በማግሥቱ ሽማግሎቹ በጠዋት ተነሡ። ፈላጊው ከሽማግሎቹ ጋር አይሄድምና ምናለ አዲስ ሸሚዝ ለብሶ፣ ስልኩን ጨብጦ ጋራዡ ውስጥ ተቀመጠ። ደብረ ወርቅን አለፍ እንዳሉ ተደወለ።

«ቆመች» አለ ጓዴ።

«ናፍጣ አላት?»

«ጌጇ እንደማይሠራ ታውቅ የለ? ክዳኑን ከፍቼ በእንጨት ለካሁ። ከግማሽ በላይ ነው። መልሼ እንዳልከው ጥርቅም አድርጌ ዘጋሁት።»

«እስቲ የኔታን አገናኘኝ። የኔታ፣ እንዴት አድርጋ ነው የቆመችው? በአንድ ጊዜ ቀጥ ብላ ነው?»

«የለም ልጄ። ቅዳሴው እንደረዘመበት ዲያቆን ድምጿ እየሰለለ፣ እየሰለለ ሄዶ ጠፋ።»

«ጭሱስ? ጥቁር ነው ነጭ?»

«ነጭ የለበስነው እኛ ነን። የእሷን አላየሁም።»

ምናለ ገና ሲያስብ የኔታ ኮፈኑ ላይ እጃቸውን ጭነው ጸሎት አደረሱ፤ ጓዴ ቁልፉን ሲያዞረው ሞተሩ ተነሣ። ሁሉም እልል አሉ። የኔታ ጸሎታቸው መድረሱን ተረኩ፤ መካኒኩም አልተከራከረም፣ ብቻ ትሂድለት።

ጥቂት እንደሄዱ ደግማ ቆመች። አሁን ሁሉም ሐኪም ሆነ። አቶ ስጦታው ጠምቷት ነው፣ ውሃ ትጠጣ አሉ። አጎትየው «ባትሪዋ አልቆ ነው» ብለው ድርቅ አሉ፤ የእሳቸው ሬዲዮ ባለፈው ያደረገው እንደዚሁ ነበር። ጓዴም እንደ ልማዱ ክዳኑን ከፍቶ፣ እንጨቱን ነክሮ፣ መልሶ ዘጋ።

«ክዳኗ ሲከፈት ሴትዮዋ በረጅሙ ተነፈሰች» አሉ የኔታ በስልኩ። ምናለ ግን ልቡ ሞጣ ነበርና አልሰማቸውም።

«አየር ስባለች! ጓዴ፣ ፊልትሮው ላይ ያለችውን ቡሎን ላላ አድርጋት። የኔታ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና እላዩ ላይ ያለችውን ፓምፕ በእጅዎ ጫን ጫን ያድርጉልኝ።»

የኔታ ከልባቸው ተጫኑ። ናፍጣው ከቡሎኗ ሥር ፊጭ ብሎ በሦስቱም ጋቢ ላይ አረፈ። መኪናዋ ግን ተነሣች። ምናለ ቢቸና ሆኖ ደረቱን ነፋ፤ ከዚህ ሆኖ ሞጣ መንገድ ላይ የሚያክም መካኒክ ከወዴት ይገኛል!

ጋሼ ኃይለ ጊዮርጊስ በር ላይ ሲደርሱ ለሦስተኛ ጊዜ ጭጭ አለች። የኔታ ለምናለ ይህንኑ እየነገሩት ሳለ በሩ ተከፈተ፤ በድንጋጤ ስልኩን ሳይዘጉ ደረት ኪሳቸው ውስጥ ወሸቁት። ከዚህ በኋላ ምናለ ትንፋሹን ውጦ ያዳምጥ ጀመር።

«እንደምን አደራችሁ። ይህ የምን ሽታ ነው?» አሉ ጋሼ ኃይለ ጊዮርጊስ።

«መኪናዋ ትንሽ አስቸግራን…» አሉ አቶ ስጦታው።

«መካኒካችሁ ማነው?»

«የመጣንለት ልጅ ነው» አሉ አቶ ስጦታው፣ ድምፃቸው ሊሰማ ላይሰማ።

«እንግዲያው እናንተ አረፍ በሉ፤ መጀመሪያ በሽተኛዋን ልያት።»

ማንም አላረፈም፤ ተከትለዋቸው ወጡ። እርምጃ ተሰማ። ቀጥሎ የክዳን መፈታት፤ ከዚያም ረጅም ፍስስስስታ። ያን ጊዜ የምናለ ጆሮ ሠራ። መኪናዋን ያስነሣት ጸሎቱም ፓምፑም አልነበረም፤ የጓዴ እንጨት ነበር። ክዳኑ በተከፈተ ቁጥር ትተነፍሳለች፤ በተዘጋ ቁጥር ትታነቃለች። ምናለ ምድር ተሰንጥቃ ብትውጠው ወደደ።

«ይህን ክዳን የደፈነ አህያ ማነው?» አሉ ጋሼ ኃይለ ጊዮርጊስ። «ታንከር አየር ካላስገባ ናፍጣ ከየት አምጥቶ ይሰጣል?»

«ነዳጅ የሚቀዱት ልጆች ይሆናሉ» አለ ጓዴ፣ ለጓደኛው ብሎ።

«እነሱ ናቸው፣ እነሱ ናቸው» አሉ አቶ ስጦታው።

ምናለ ዕድሜውን ሙሉ የሄደበት መንገድ ይኸውና ተጠርጎ ቀርቦለታል፤ ዝም ማለት ብቻ ነው። የሰው ጥፋት አድርጎ ልጅቷን ቢወስድስ ማን ያውቅበታል? ግን ያንን ፌስታል የጠቀለለው ሽማግሎቹን በሚወዳት ልጅ አባት ፊት እንዳያሳፍር ብሎ ነበር፤ አሁን በእነዚያ ልጆች ማሳበብ አንጀቱ እንቢ አለው።

«እኔ ነኝ! ጋሼ፣ እኔ ነኝ የደፈንኩት!» ብሎ ጮኸ።

የኔታ እባብ እንደገባባቸው ሁሉ ደረታቸውን መቱ።

«ከኪስዎ ውስጥ የሚጮኸው ማነው?»

«ልጁ ነው» አሉ የኔታ።

«ሽማግሎቹ ናፍጣ ናፍጣ እንዳይሸቱ ብዬ ነው ጋሼ!»

ጋሼ ኃይለ ጊዮርጊስ ናፍጣ የጠጣውን የሦስቱን ጋቢ አዩ ይሆን? የሆነ ድምፅ ተሰማ፤ ሳቅ ይሁን ቁጣ ሳይለይ የኔታ ሊያወጡት ሲታገሉ ስልኩ ተዘጋ። ምናለ ደጋግሞ ቢደውል አይነሣም። ሸሚዙን አውልቆ ቱታውን ለበሰ። አለቀሰም፤ መካኒክ ስለሆነ ግን ዓይኔን ግሪስ ነካው አለ።

ፀሐይ ሳትጠልቅ የላንድክሩዘሯን ድምፅ ከሩቅ ለየው። ሳትሰልል፣ ሳትንተፋተፍ መጣች። የታንከሯ አፍ ላይ ጥለት ያላት ነጭ ጨርቅ ታስራለች።

«የኔታ፣ ጋሼ ምን አሉ?»

«ክዳኑን ወሰዱት።»

«ልጅቷንስ?»

«ክዳኑን ወሰዱት እያልኩህ! ‹አዲሱን ራሱ ይዞልኝ ይምጣ። እኔ ነኝ ያበላሸሁት የሚል መካኒክ ስሰማ የመጀመሪያዬ ነው› አሉ። እዚያው ቆመን ለነጋዴው ሰዎች ደወሉና ነገ እንዳትደክሙ አሏቸው።»

ምናለ ጨርቋን በጣቱ ጫፍ ነካት።

«አርሴማ ናት ከነጠላዋ ቀድዳ ያሰረችው» አለ ጓዴ። «በል ፍታት፣ ናፍጣዬን ልለካ።»

«ዛሬ በግምት እደር» አለው ምናለ።