ከኮሪያ የመጣችው ነጭ መኪና

መኪናዋን የገዛነው ለመንገድ ሥራ ባሕር ዳር መጥቶ ከነበረ የውጭ አገር መሐንዲስ ነው። ሥራውን ጨርሶ ወደ አገሩ ሊመለስ ሲሰናዳ ባለቤቴ ወሬውን ሰማ። ባለቤቴ የፋብሪካ ኤሌክትሪክ ሠራተኛ፣ እኔ ደግሞ የሆስፒታል ነርስ ነበርን። ለቤት መሥሪያ የምናጠራቅማት ትንሽ ነገር ነበረችን። ባለቤቴ ግን መኪናዋን አይቶ ከመጣበት ቀን ጀምሮ ስለ ቤት ማውራት ተወ።

ነጭ ናት፣ ትንሽ፣ ባለ አራት በር። ያን ጊዜ በከተማው የግል መኪና ያለው ሰው በጣት የሚቆጠር ነበር፤ ያሉትም የጣሊያን፣ የጀርመን ወይም የጃፓን ናቸው። የእኛዋ ለምን በእኛ አቅም እንደተገኘች የገባን ከገዛናት በኋላ ነው። መለዋወጫዋ እንኳን ባሕር ዳር፣ አዲስ አበባም አይገኝም። «ኮሪያም መኪና ይሠራል እንዴ?» ያላለን ሰው የለም። የሥራ ባልደረቦቼ «ጣሳዋ» ብለው ስም አወጡላት። እኔም ባለቤቴ በሌለበት እንደዚያው እላት ነበር።

በገዛናት በአምስተኛው ወር ባለቤቴ ለዓመት ከመንፈቅ ሥልጠና ወደ ምሥራቅ አውሮፓ ተላከ። ከመሄዱ በፊት ግቢው ውስጥ ከማንጎው ዛፍ ሥር አቆማትና፣ «በሳምንት አንድ ቀን ሞተሯን የሚያስነሳልሽ ሰው ፈልጊ፤ ቆማ ከከረመች ትበላሻለች» አለኝ። ሰው ግን አልተገኘም። ልጆቹ ውስጧ እየገቡ ይጫወቱባታል፣ የማንጎ ቅጠል ጣሪያዋን ሞልቶታል፣ እኔም ባየኋት ቁጥር እናደዳለሁ።

ከእኛ ቤት ሁለት ቤት አለፍ ብሎ አንድ ሽማግሌ ብቻቸውን ይኖሩ ነበር። የችግኝ ጣቢያ ጥበቃ ናቸው። ዝምተኛ ሰው ስለነበሩ ከሰላምታ ያለፈ ተነጋግረን አናውቅም። ክረምቱ ሊገባ ሲል አንድ እሑድ ጧት፣ እኔ ቁልፉን ይዤ ሞተሯን ለማስነሳት ስታገል በአጥሩ በኩል ቆመው አዩኝ።

«ሲስተር፣ ባትሪውን ትጨርሽዋለሽ» አሉኝ።

«እርስዎ መኪና ያውቃሉ ጋሼ?»

«ድሮ የጦር ሠራዊት ሾፌር ነበርሁ» አሉና ገቡ።

ኮፈኑን ከፈቱት። ለካንዴላዎቹ እሳት የሚያከፋፍለውን ክዳን አውልቀው አዩት፤ ከሐይቁ የሚመጣው እርጥበት ውስጡ ገብቷል። በጋቢያቸው ጫፍ ጠራርገው ፀሐይ ላይ አስቀመጡት። ትንሽ ቆይተው መለሱትና «አሁን ሞክሪ» አሉኝ። ሞተሯ ተነሳች። በደስታ ላመሰግናቸው ስዞር እሳቸው ሞተሩ ላይ የተጻፈውን ለማንበብ ጎንበስ ብለው ነበር።

«የየት አገር ናት ይች?»

«የኮሪያ ናት ጋሼ።»

ቀና ብለው አዩኝ። «ከሰሜኑ ነው ከደቡቡ?»

እኔ በደንብ አላውቅም ነበር። «ከደቡቡ መሰለኝ» አልኋቸው። ኮፈኑን ቀስ አድርገው ከደኑትና እጃቸውን ሳይታጠቡ ሄዱ።

ከዚያ በኋላ በየእሑዱ መምጣት ጀመሩ። አንድ ቀን፣ «ልጄ፣ እኔ አንድ ዓይኔ ስለደከመ አልነዳም። አንች ለምን አትማሪም?» አሉኝ። ሳቅሁ። በባሕር ዳር መኪና የምትነዳ ሴት አይቼ አላውቅም። እሳቸው ግን አልሳቁም። ከከተማው ወጣ ብሎ በመሸንቲ መንገድ አንድ ሜዳ ነበር፤ በዚያ ሜዳ ላይ ማርሽና ፍሪሲዮን ተማርሁ። ስሳሳት አይቆጡኝም። «መኪናዋ ትነግርሻለች፣ ስሚያት» ይሉኝ ነበር። ከሁለት ወር ልምምድ በኋላ ተፈትኜ መንጃ ፈቃድ አወጣሁ። የባልደረቦቼ ቀልድም ቀስ በቀስ ቀረ። ለአዳር ሥራ ስወጣ ሰብስቤ የምወስዳቸው እነሱኑ ነበርና።

እውነቱን ለመናገር መኪናዋ የምትታማውን ያህል አልነበረችም። እርጥበት ትጠላለች፤ ዳገት ላይ ቶሎ ትሞቃለች፤ የኋላ በሯ በውስጥ በኩል አይከፈትም። ግን ቤንዚን አትበላም። የቤንዚን ኩፖን በጠፋበት ዘመን ይህ ትልቅ ነገር ነበር።

በዓመቱ ግንቦት ላይ ከማክሰኝት መልእክት መጣ። እናቴ ወድቃ ዳሌዋ ተሰብሯል። የአካባቢው ወጌሻ ሞክሮ አልሆነለትም፤ ጎንደር ቢቀርባትም የማስታምማት እኔ ነኝና ወደ እኛ ሆስፒታል ላመጣት ፈለግሁ፤ ቀና ብላ መቀመጥ ስለማትችል ግን በአውቶቡስ አትመጣም። በመኪናችን የኋላ ወንበር ላይ ልትተኛ ግን ትችላለች። ያለኝን ኩፖን ሰበሰብሁ፣ ከቀበሌ የይለፍ ወረቀት አወጣሁ፣ ልጆቹን ለጎረቤት አደራ ሰጠሁ። ሽማግሌውን ሳልጠይቃቸው የሚሄዱበትን ልብስ ለብሰው በር ላይ ቆመው አገኘኋቸው።

እስከ ወረታ ደህና ሄድን። አዲስ ዘመንን አልፈን ዳገቱን ስንጀምር የሙቀት መለኪያው መርፌ ወደ ቀይ ወጣ። ወዲያው ከፊት በኩል እንደ ጅራፍ የጮኸ ነገር ሰማሁ፣ እንፋሎትም ሸፈነን። ዳር ይዤ አቆምሁ። የሞተሩን ማቀዝቀዣ የሚያዞረው ቺንጊያ ተበጥሶ ነበር።

ሽማግሌው ቁራጩን በእጃቸው ይዘው አገላብጠው አዩት። መለዋወጫ የለንም። ወታደር የጫኑ መኪኖች አለፉ፤ አንዱም አልቆመም። እናቴ በዚያ ሁኔታ ተኝታ እየጠበቀችኝ መሆኗን ሳስብ መንገዱ ዳር ድንጋይ ላይ ተቀምጬ አለቀስሁ።

ከመንገዱ በታች አንድ ገበሬ እያረሰ ነበር። ሽማግሌው ወርደው አነጋገሩት። ሰውየው በሬዎቹን አቁሞ አብሯቸው መጣና መኪናዋን ዞሮ አያት።

«ምን ልርዳችሁ?» አለ።

«ምራንህን ልትሰጠን ትችላለህ?» አሉት። ምራን ሞፈርና ቀንበሩ የሚታሰሩበት የጥሬ ቆዳ ጠፍር ነው።

ሰውየው ትንሽ አሰበ። በሬዎቹን ዘወር ብሎ አያቸው። «ያችን ብቻ ነው ያለኝ» አለ። እኔም ተነስቼ እናቴ ምን እንደሆነች ነገርሁት፤ ስመለስ ከማክሰኝት ገበያ ሌላ ይዤለት እንደምመጣም ቃል ገባሁ። ወርዶ ፈታትና አመጣልን።

ሽማግሌው ጠፍሩን በተበጠሰው ቺንጊያ ልክ ለክተው ቆረጡት። ችግሩ ጫፍና ጫፉን ማገናኘቱ ነው፤ ቋጠሮ ከሆነ አይዞርም። ያን ጊዜ የሥራ ቦርሳዬ ትዝ አለኝ። የቁስል መስፊያ መርፌና የሐር ክር ነበረኝ። ገበሬው ወስፌ ከቤቱ አስመጣ፤ ሽማግሌው ይበሱታል፣ እኔ እሰፋለሁ። ሰው እንደምሰፋው አድርጌ፣ ጫፎቹን አነባብሬ፣ ሁለት ረድፍ ሰፋሁት።

ከገጠሙት በኋላ ሞተሩ እስኪበርድ ቁጭ አልን። እንዲህ ያለ ነገር የት እንደተማሩ የጠየቅኋቸው ያን ጊዜ ነው።

«ኮሪያ» አሉኝ።

መጀመሪያ ስለ መኪናዋ የሚያወሩ መሰለኝ። እሳቸው ግን መንገድ መንገዱን እያዩ ቀጠሉ። በንጉሡ ዘመን ለጦርነቱ ከዘመቱት ወታደሮች አንዱ ነበሩ፤ የጭነት መኪና ነድተዋል።

«ያን ጊዜ ልጅ ነበርሁ» አሉ። «የምናልፍበት ከተማ ሁሉ ግድግዳ የለውም። ሰዎቹ በቆርቆሮ ቁራጭ ሥር ነበር የሚያድሩት፤ በረዶው እላያቸው ላይ ይጋገራል። መኪናችን በተበላሸ ቁጥር ባገኘነው ገመድና ጨርቅ እንጠግናለን። አንድ ቀን መንገድ ላይ ቆመን አንዲት ሴት ወጣችና የፈላ ውሃ በጣሳ ሰጠችን። ሌላ ምንም አልነበራትም። ያን ውሃ ስጠጣ፣ እነዚህ ሰዎች ከእንግዲህ አገር አይኖራቸውም ብዬ ነበር።»

የተበጠሰውን ቺንጊያ አንስተው አቧራውን ጠረጉ።

«አንች ግቢ ያን ቀን ኮፈኑን ስከፍት የእነሱን ጽሕፈት አየሁ። ቤቴ ገብቼ ብዙ ተቀመጥሁ። የተሳሳትሁ በመሆኔ ደስ አለኝ።»

«ለምን አልነገሩኝም ጋሼ?» አልኋቸው።

«ለማንም አልነገርሁም። አብዮቱ በመጣ ሰሞን በቀበሌ ስብሰባ አንዱ ካድሬ ተነስቶ፣ ኮሪያ የዘመቱ የኢምፔሪያሊስት ቅጥረኞች ናቸው አለ። ስሜን አልጠራም፤ ግን እኔ እዚያው ተቀምጬ ነበር። ማታውኑ ወረቀቴንና ሜዳሊያዬን በላስቲክ ጠቅልዬ መሬት ውስጥ ቀበርሁት። አሁን ሳወጣው ምስጥ በልቶት ይሆናል።»

ተነስተው የራዲያተሩን ክዳን በጨርቅ ይዘው ከፈቱ፤ ገበሬው ከወንዝ ያመጣልንን ውሃ ጨመርን።

ማክሰኝት የደረስነው ጀምበር ስትጠልቅ ነው። ጠፍሩ ሲሞቅ ስለሚላላ አራት ጊዜ ቆመን አጥብቀነዋል፤ ስፌቴ ግን አልተፈታም። በማግሥቱ የወፍጮ ቤት ባለቤት የሆነ ዘመዳችን ከወፍጮው ዕቃ መካከል ትንሽ ሰፋ የምትል ቺንጊያ አገኘልን። እናቴን ከነፍራሿ የኋላ ወንበር ላይ አስተኛናትና ተነሳን። በየጉድጓዱ ስታቃስት ፍጥነት እቀንስ ነበር። ዳገቱ ጋ ስንደርስ ለገበሬው አዲሱን ምራን ሰጠሁት፤ እሱም በመስኮቱ ወደ ውስጥ አይቶ እናቴን «እግዜር ይማርዎ» አላት። እናቴ ሆስፒታል ሦስት ወር ተኛች። በምርኩዝም ቢሆን ተነስታ ሄደች።

ባለቤቴ በመስከረም ተመለሰ። በደብዳቤ ቺንጊያ እንዲፈልግልኝ ጽፌለት ስለነበር ሦስት ይዞ መጣ፤ አንዱም ልክ አልሆነም። በመጀመሪያው ሰሞን መኪናዋን እሱ ነዳ፣ እኔ ከጎኑ ተቀመጥሁ። እንደ ሾፌር ሆኜ ከቆየሁ በኋላ እጄን ጭኔ ላይ አድርጌ መቀመጥ ከበደኝ። አንድ ጭጋጋም ጧት አልነሳ አለችው። እየደጋገመ ሞከረ። ወርጄ ኮፈኑን ከፈትሁና ክዳኑን አውልቄ ጠረግሁት። ስመልሰው ከአጠገቤ ቆሞ ያየኝ ነበር።

«ይህን ሁሉ ማን አስተማረሽ?» አለኝ፤ ድምፁ ቅር እንዳለው ያስታውቃል።

ስለ ሽማግሌው፣ ስለ ዳገቱና ስለ ስፌቱ ነገርሁት። ስለ ጦርነቱ ግን አልነገርሁትም፤ የእኔ ነገር አልነበረም። ሥራ አርፍዶ ሄደ። በእሑዱ ግን ከውጭ ለራሱ ያመጣውን ወፍራም ካፖርት ይዞ ወደ ሽማግሌው ቤት ሄደና ብዙ ቆየ። ሲመለሱ አብረው ነበሩ። ሁለቱም ኮፈኑ ሥር ጎንበስ ብለው ዋሉ፤ እኔ ሲጠሩኝ ብቻ ነው የሄድሁት። ከዚያ ወዲያ ሆስፒታል ስሄድ ራሴ እነዳለሁ፣ ሲመሽ እሱ ይነዳል፤ ማንም ሳይወስን እንዲያው እንደዚያ ሆነ።

ሽማግሌው የቀረች ዓይናቸውም እየደከመች ስትሄድ ከሐይቁ ማዶ ደልጊ ያለች ልጃቸው ልትወስዳቸው መጣች። በጀልባ ነበር የሚሄዱት። ዕቃቸው አንድ ሳጥንና አንድ ፍራሽ ነው፤ በመኪናችን ወደቡ ድረስ አደረስናቸው። ጀልባው ላይ ከመውጣታቸው በፊት ወደ ኋላ ተመልሰው የመኪናዋን ኮፈን በመዳፋቸው ዳበስ አደረጉት። ልጃቸው ነገሩ ስላልገባት ታያቸው ነበር። እኔ እጃቸውን ስሜ ተሰናበትኋቸው። ሁለት ዓመት ያህል በሰው በሰው ሰላምታ ይልኩልኝ ነበር፤ ከዚያ ማረፋቸውን ሰማሁ።

ባለቤቴ ወደ ሌላ ፋብሪካ ሲዛወር መኪናዋን ልንሸጣት ግድ ሆነ። ሊገዛት የመጣው የወረታ ነጋዴ ነበር፤ ጨዋ፣ ረጋ ያለ ሰው። ባለቤቴ ስለ ሞተሯ ጥንካሬ ሲነግረው ሰማና ወደ እኔ ዞረ።

«እስቲ አንች ንገሪኝ እህቴ። ዓመሏ ምንድን ነው?»

አንድም አላስቀረሁበትም። እርጥበት እንደምትጠላ፣ ዳገት ላይ እንደምትሞቅ፣ የኋላ በሯን፣ ቺንጊያዋ የወፍጮ መሆኑን፣ መለዋወጫ እንደማይገኝላት ሁሉ ነገርሁት። ባለቤቴ ጉሮሮውን ጠረገ። ነጋዴው ራሱን እየነቀነቀ አዳመጠኝ።

«መንገድ ላይ ጥላሽ ታውቃለች?»

«አንድ ጊዜ» አልሁት። «ያንም ቀን ቢሆን ደርሳለች።»

ቁልፉን ተቀበለኝ። እርጥብ ጧት ምን ማድረግ እንዳለበት ላሳየው ኮፈኑን ከፈትሁለት።