ሌስተር ፕሩሳክ በሃምሳ ሰባት ዓመቱ ሥራ ሲፈልግ

ሌስተር ፕሩሳክ አሜሪካ ውስጥ ኢሪ ከተማ በሚገኝ የቧንቧ መግጠሚያ ፋብሪካ ሠላሳ አራት ዓመት ሠርቷል። እኔም ከጎኑ ባለው ማሽን ላይ አሥራ ዘጠኝ ዓመት ቆሜያለሁ። የብረት መቀጥቀጫው ቀኑን ሙሉ ስለሚጮህ ድምፅ አውጥተን የምናወራው በምሳ ሰዓት ብቻ ነበር፤ በቀረው ጊዜ አንዳችን የሌላውን ከንፈር እያየን እንግባባለን። በዚህ ሌስተርን የሚስተካከለው አልነበረም። ከአዳራሹ ማዶ ቆሞ የሚያማውን ሰው ሐሜት አንድም ሳያመልጠው ያውቃል። በዚህም ምክንያት ወዳጆቹ ጥቂት ነበሩ።

አንድ ሐሙስ ከምሳ በኋላ ፋብሪካው መዘጋቱ ተነገረን። በማግስቱ ሌስተር ምሳውን ይዞ እንደ ልማዱ ሳይነጋ መጣና በሩ መቆለፉን አይቶ ተመለሰ።

«ተሳስቼ ሰምቼ እንዳይሆን ብዬ ነው» አለኝ።

በከተማው የሥራ ማፈላለጊያ ቢሮ ማሪሶል የምትባል ሠራተኛ ተቀበለችው። ሌስተር በሕይወቱ ቃለ መጠይቅ ገጥሞት አያውቅም፤ ፋብሪካውም የገባው አጎቱ ለአለቃው ነግሮለት ነው። ስለዚህ ልታለማምደው ከፊቱ ተቀመጠች።

«አቶ ፕሩሳክ፣ ከአምስት ዓመት በኋላ የት ይሆናሉ?»

«ወይ ጡረታ፣ ወይ መቃብር።»

«እንደሱ አይበሉ።»

«ሌላ ምን አለ?»

«‹እዚሁ እናንተ ጋ› ይበሉ።»

በወረቀት ጻፈው።

በከተማው «ሠራተኛ እንፈልጋለን» ያልተለጠፈበት አጥር የለም። ሌስተር ሃያ አንድ ቦታ አመለከተ። አሥራ ስምንቱ መልስ አልሰጡትም። ሁለቱ በኮምፒውተር በሚታዘዝ ማሽን የሠለጠነበትን የምስክር ወረቀት ጠየቁት። በክረምቱ አጋማሽ ከሰው ራቀ፤ ቤቱ ብሄድ ያልተበላሸ በር ሲጠግን አገኘሁት። አብረን ጠገንነው።

የመጨረሻው ማመልከቻ ለአንድ ሆስፒታል የልብስ ማጠቢያ ክፍል ነበር። በቃለ መጠይቁ ዕለት ውጭ አስቀመጡት። ጠያቂዎቹ፣ የክፍሉ ኃላፊ የሆነችው ኮሊንና አንድ ሰውዬ፣ ከመስታወት ግድግዳ ወዲያ ይነጋገራሉ።

ሲጠሩት ገባ። ገና ሳይቀመጥ «ወገቤ ደህና ነው» አላቸው። «ከእኔ በፊት የነበረው ልጅ የቆየውን አሥራ አንድ ቀን ደግሞ እኔ ጉንፋን ይዞኝም እሠራዋለሁ።»

ሰውየው ወደ በሩ ዞሮ አየ። «ሰማኸን እንዴ?»

«አልሰማሁም። ጆሮዬ ደካማ ነው። ስታወሩ አየኋችሁ።»

ሰውየው ወረቀቱን ማገላበጥ ጀመረ። ኮሊን ግን ሳቋን ዋጥ አድርጋ «ከአምስት ዓመት በኋላስ የት ይሆናሉ?» አለችው።

«እዚሁ እናንተ ጋ።»

«ሰኞ ይምጡ።»

የማጠቢያው ማሽን እንደ ፋብሪካችን ይጮሃል። ሠራተኞቹ ከኔፓልና ከኮንጎ የመጡ ናቸው፤ ፈረቃ መሪው ጉሮሮው እስኪዘጋ ይጮህባቸው ነበር። ማኑማያ የምትባል የኔፓል ሴት በመጀመሪያው ቀን አንሶላው ገና እርጥብ መሆኑን በእጇ አሳየችው። ሌስተርም በአፉ እንቅስቃሴ ብቻ መለሰላት። በወሩ በማጠቢያው መስመር ያሉት ሁሉ ያለ ድምፅ ያወሩ ጀመር።

«ማኑማያ የፈረቃ መሪውን አረማመድ አስመስላ ነገረችኝ» አለኝ አንድ ቅዳሜ።

«በምን ቋንቋ?»

«እንጃ፣ አልጠየቅኋትም።»

ደሞዙ ከድሮው ያንሳል። ይህን ሲነግረኝ ድምፁ አልተለወጠም፤ ቡናውን ግን ሳይጨርስ ሄደ።

በጸደይ ደወለልኝ። እኔ እስከዚያ ድረስ ሥራ አላገኘሁም ነበር። ለሆስፒታሉ አንሶላ የሚያመላልስ የጭነት መኪና ሹፌር ይፈለግ ኖሯል።

«ስለ አንተ ተናግሬያለሁ» አለኝ።

«ምን ብለህ?»

«ታረፍዳለህ ብዬ።»

«ሌስተር፣ እንዲህ ይባላል እንዴ?»

«ስንት ደቂቃ አሉኝ። አሥር አልኳቸው። ጥሩ ነው፣ ይምጣ አሉ።»

ከግንቦት ጀምሮ እየነዳሁ ነው።