የጥሩወርቅ ካቴና

ጥሩወርቅ ከወረዳው የእንስሳት ጤና ባለሙያዎች መካከል ሞተር ሳይክል የተረከበች የመጀመሪያዋ ሴት ነበረች። ዘመኑ ሁለት ሺህ ሦስት ዓመተ ምሕረት ነው። ቁልፉን በተቀበለች ቀን፣ ምንም ጉዳይ ሳይኖራት፣ ደብረ ታቦርን ሁለት ጊዜ ዞረቻት።

ስድስት ወር ሳይሞላ ግን ከገሳይ ከተማ ማዶ ባለው አቀበት ላይ የሞተሩ ካቴና ብጥስ አለ። የከብት ክትባት በበረዶ ሳጥን ጭና ነበር። ሞተሩን እየገፋች ገሳይ እስክትደርስ በረዶው ውሃ ሆነ፤ ክትባቱም ተበላሽቶ ተጣለ።

ወሬው ቀድሟት ቢሮ ገባ። ማሬ የሚባል ባልደረባዋ፣ ክፉ ሰው እንኳ አይደለም፣ ምላሱ ነው የሚቀድመው፣ ሞተሩ ለወንድ ቢሰጥ ይሻላል ብሎ በስብሰባ ላይ ተናገረ። አንዳንዱም ራሱን ነቀነቀለት። ጥሩወርቅ ግን ከስብሰባው እንደወጣች የተበጠሰውን ካቴና በፌስታል ቋጥራ ወደ ጋሽ እሸቴ ጋራዥ ሄደች።

ጋሽ እሸቴ ሞተር ሲጠግኑ ያረጁ፣ ንግግራቸው ቁጥብ የሆነ ሰው ናቸው። ካቴናውን በመዳፋቸው ዘርግተው አገላበጡት። ጭቃ ጠጥቶ፣ ዝጎ፣ መገጣጠሚያው አልታጠፍ ብሏል።

"ዕቃው መጥፎ ሆኖ ነው፣ ጋሼ?" አለቻቸው።

"ዕቃውስ ደህና ነበር። ሞተሩን ቤንዚን ታጠጪዋለሽ፤ ካቴናውን ግን በረሃብ ገደልሽው" አሏት።

ነገሩ ከነከናት። እንዲያስተምሯት ለመነቻቸው፤ እሳቸውም አዲሱን ካቴና እየገጠሙ አሳዩአት። በመጀመሪያ በብሩሽና በላምባ ጭቃውን ማስለቀቅ፣ ከዚያ በጨርቅ ማድረቅ። ዘይቱን ከጉዞ መልስ፣ ካቴናው ገና ሞቅ እንዳለ፣ የኋላውን ጎማ በእጅ እያዞሩ በውስጥ በኩል ጠብ ጠብ ማድረግ፤ ሌሊቱን ሰርጎ ያድራል። የተረፈው ካልተጠረገ አቧራ ይሰበስባል። ውጥረቱም ልክ አለው፤ ከታች በኩል በጣት ሲገፉት ሁለት ጣት ያህል ከፍ ዝቅ ማለት አለበት። ከጠበቀ ራሱን ይበላል፣ ከላላ ከሚዞርበት ጥርስ ላይ ይዘላል። ሞተሩ ተነስቶ ሳለ ግን ጨርቅ እንዳታስጠጊ አሉና የቀኝ እጃቸውን ሌባ ጣት ዘረጉላት። ጫፉ የለም። ሌላ ማብራሪያ አላስፈለጋትም።

ከዚያ ወዲያ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ የሚፈልጋት ሰው ግቢዋ ውስጥ፣ ጆንያ አንጥፋ ከሞተሩ ሥር ተንበርክካ ነው የሚያገኛት። ዝናብ ከመታት ደግሞ ቅዳሜን አትጠብቅም። የቤት አከራይዋ፣ ይህች ልጅ ከጠጉሯ ይልቅ ካቴናዋን ትቀባለች እያሉ ይስቁባት ነበር። እሷም አብራ ትስቃለች፤ እጇን ግን አታቆምም። አራት ዓመት ሙሉ ያው ካቴና አገለገላት። የቢሮው ሌሎች ሞተሮች በዚያው ጊዜ ሁለትም ሦስትም ቀይረዋል።

በሁለት ሺህ ሰባት፣ በሐምሌ ሥላሴ ማግስት፣ ከጉና ግርጌ ካለ ቀበሌ ስልክ ተደወለ። ደዋዩ የአገር ሽማግሌ የሆኑት አቶ አያሌው ነበሩ። አባ ሰንጋ ገብቶ በሁለት ቀን አምስት ከብት ጥሏል። መኪና እንዳይላክ መንገዱን ጭቃ ውጦታል። የአንዱ ሞተር ካቴና ተበጥሶ መለዋወጫ ይጠበቃል፤ የማሬም ሞተር ጥርሱ ተበልቶ ካቴናው በየአቀበቱ ይወልቃል። የቀረችው ጥሩወርቅ ብቻ ነበረች።

የበረዶ ሳጥኑን ከሞተሩ ላይ ያሰረላት ማሬ ራሱ ነው። ገመዱን ሁለት ጊዜ ፈትሾ፣ "መንገድ ላይ ከቆምሽ ደውዪልኝ፤ በእግሬም ቢሆን እመጣለሁ" አላት።

ከገሳይ በላይ ጭቃው እስከ ቁርጭምጭሚት ነበር። ሁለት ጊዜ ወደቀች፤ ሳጥኑን በደረቷ ደግፋ አዳነችው። ያንን የድሮውን አቀበት ስትጀምር ጆሮዋን ለካቴናው ሰጠች። አልተንቋቋም፣ አልዘለለም፤ ሥራውን ያውቃል። አፋፉ ላይ ስትወጣ ብቻዋን ሆና ጮክ ብላ ሳቀች። ከሞተሩ ወርዳም ካቴናውን በምንጭ ውሃ አለቀለቀችው፤ አድርቃ በኪሷ ካለው ብልቃጥ ዘይት አቀመሰችውና ቀጠለች።

ረፋድ ላይ በረዶው ሳይቀልጥ ደረሰች። ሕዝቡ ከብቱን ሰብስቦ ይጠብቃል። ለሦስት ቀን ጠዋት እየወጣች፣ አመሻሽ ላይ ለበረዶ እየወረደች፣ ከአንድ ሺህ በላይ ከብት ከተበች። በመጨረሻው ቀን አቶ አያሌው ባርኔጣቸውን አውልቀው ፊቷ ቆሙ።

"ልጄ፣ ዝናቡን አይተን አትመጣም ብለን ቆርጠን ነበር" አሏት።

"እርስዎ ጠርተውኝ እንዴት እቀራለሁ፣ አባቴ?" አለቻቸው።

ሽማግሌዎቹ እጃቸውን ዘርግተው መረቋት። በግ ሊሰጧት አምጥተው ነበር፤ በሞተር ላይ በግ አይጫንም ብላ ሳቀችና የገብስ ቆሎ ብቻ ተቀበለች።

ከሳምንታት በኋላ የክትባቱን ውጤት ልታጣራ ወደዚያው ቀበሌ ወጣች። ከክትባቱ ሳምንት ወዲያ በዚያ ቀበሌ በአባ ሰንጋ የሞተ አንድም ከብት አልነበረም። ዝናቡ አባርቶ ጉና ጥርት ብሎ ይታያል። ተዳፋቱ ላይ ጥማድ በሬዎች ማሳ ያርሳሉ፤ አራሹ የሞተሩን ድምፅ ሰምቶ ቀና አለና ጅራፉን ከፍ አድርጎ ሰላም አላት። ጥሩወርቅም የሞተሯን ጥሩምባ አስረዝማ ነፋችለት።