እማዬ ያጠበቻት ዶላር

ሎሚ ጨው ላይ ሲጨመቅ ሽታው ሌላውን ሰው ሰላጣ ያሳስበዋል፤ እኔን ግን ዛሬም ትዝ የሚለኝ አሜሪካ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ የነበረው የኪራይ ቤታችንና አንዲት ወርቃማ የአንድ ዶላር ሳንቲም ነው።

የብርዱ ወራት ነበር። አባዬ የሚሠራበት የመኪና ማቆሚያ ሠራተኞቹን በማሽን ተክቶ ስላሰናበተው፣ ቀኑን ሙሉ ሶፋው ላይ ሲገላበጥ ይውል ነበር። ኪራዩ ከብዶን ሌላ ከተማ፣ ሀያትስቪል፣ አክስቴ ቤት ከምድር በታች ያለው ቤዝመንት ልንገባ ነው ይባል ስለነበር፣ ትምህርት ቤቴን ላጣ ነው ብዬ ብርድ ልብስ ውስጥ ተሸፍኜ አለቅስ ነበር።

አንድ ቀን አባዬ በመጨረሻው የሥራ ቀኑ ከደረሱት የቲፕ ሳንቲሞች መካከል የአሜሪካ የመጀመሪያው ፕሬዚዳንት መልክ ያለባትን አዲስ ዶላር አገላብጦ ሲያይ ቆየና ከሶፋው ብድግ አለ። የዚህ ዓይነቱ ሳንቲም ዓመተ ምሕረቱ የሚጻፈው ጠርዙ ዙሪያ ነው፤ የዚህችኛዋ ጠርዝ ግን ልሙጥ ነበር። ማሽን ስቶ ሳይጽፍባቸው ያለፉ ሳንቲሞችን ሰብሳቢዎች በውድ እንደሚገዙ ጋዜጣ ላይ አንብቦ ነበር።

«ሚጣዬ፣ እስቲ በጥፍርሽ ዳስሻት፤ ሌተር አለ?»

«ኖ አባዬ፣ ስሙዝ ነው።»

«በቃ! የወር ሬንት አገኘን ማለት ነው። እስከዚያ እኔም ሥራ አላጣም።»

ከዚያ ወዲያ ቤታችን ሳቅ ተመለሰ፤ ሳንቲሟም ለመጣው እንግዳ ሁሉ እየወጣች ስትዳሰስ ከረመች።

ሁዳዴ ሲጋመስ እዚያው አቅራቢያችን፣ አሌክሳንድሪያ ከተማ፣ የሳንቲም ነጋዴ ተገኘ። እማዬ በየበዓሉ ዋዜማ የአንገት መስቀሏን እንደ እናቷ በሎሚና በጨው ፈትጋ ታብለጨልጭ ነበርና፣ እኔና አባዬ ልንሄድ በተነሣንበት ጠዋት ሳንቲሟንም በሎሚ፣ በጨውና በዕቃ ማጠቢያው ሽቦ ፈተገቻት።

«በእጅ ወዝ እንዲህ ደብዝዛ ሰው ፊት ትቅረብ?» አለች። አባዬም አይቷት፣ «ተባረኪ! አሁን ገና ዶላር መሰለች» ብሎ ኪሱ ከተታት።

ነጋዴው ሽማግሌ ነበር። መዘናትና ጠርዟን በማጉያ መነጽር ዙሪያውን አይቶ፣ ስሕተቱ እውነተኛ እንጂ በሞረድ የተፋቀ አለመሆኑን ነገረን። አባዬ እጄን ጨበጠኝ። ከዚያ ሽማግሌው ፊቷን ወደ መብራቱ አዘነበለና፣ «ማን ነው ያጠባት?» ሲል ጠየቀ። ሰብሳቢ የሚፈልገው እንደተሠራች ያለውን መልኳን ነው፤ የሽቦው ጭረት ደግሞ አይለቅም። የሰጠን ዋጋ ለምሳ የሚበቃ ብቻ ስለነበር፣ አባዬ ሳንቲሟን አንሥቶ ወጣ።

መኪና ውስጥ ሞተሩን ሳያስነሣ መሪውን ይዞ ተቀመጠ። ቤት ገብቶ ሊጮህባት ነው ብዬ ፈራሁ።

«እናትሽ ይህን ከሰማች ዕድሜዋን ሙሉ ራሷን ስትበላ ነው የምትኖረው» አለኝ። «ተራ ዶላር ናት፣ የተሳሳትኩት እኔ ነኝ። ገባሽ?»

«ኦኬ» አልኩት።

እማዬ በር ላይ ጠበቀችን። «ተራ ናት አሉን» ሲላት ፊቷ ጠቆረ። «ሳታጣራ ነው እንዲህ ያስጨፈርከን? እኔ ደግሞ ሰው ብዬ አመንኩህ!» ብላ ጓዳ ገብታ አለቀሰች። ሙቀቱ ሲገባ ቤዝመንቱ ገባን፤ ትምህርት ቤቴንም ለቀቅሁ። በጋውን ሙሉ ያቺን ሳንቲም እያነሣች ስታብጠለጥለው፣ እሱ አንገቱን ደፍቶ ይሰማ ነበር። ምላሴ ጫፍ ላይ የደረሰውን እውነት እየዋጥኩ እኔም አባዬን እንደ ፈሪ እቆጥረው፣ በጣምም አዝንበት ነበር።

ዛሬ እማዬና አባዬ አናንዴል የራሳቸው ቤት አላቸው። እማዬ አሁንም በፋሲካ ዋዜማ ከመስቀሏ ጋር ያቺን ዶላር ትፈትጋለች፤ «የባሌ ወርቅ!» እያለች እንግዳ ታስቃለች። እኔም ባለትዳር ሆኛለሁ፤ ከባሌ ጋር ስንጋጭ ጥፋቱ የእሱ መሆኑን ሳላሳምነው እንቅልፍ አይወስደኝም። አባዬ ግን እንግዶቹ ሲስቁበት አብሯቸው እየሳቀ፣ ሎሚውን ቆርጦ ያቀብላታል።