ቫዝሊን የጠጣው ምድጃ

ዛሬ ጠዋት የጋዝ ምድጃዬን ፈታትቼ ክዳኖቹን በአሮጌ የጥርስ ብሩሽ ስፈትግ፣ የሳሙናውና የሞቀው ብረት ሽታ አንድ ላይ አፍንጫዬን ሲመታኝ ብቻዬን ሳቅሁ። ያየኝ ሰው ቢኖር ለየላት ይል ነበር። ምን እንዳሳቀኝ ልንገራችሁ።

የዛሬን አያድርገውና፣ በፈረንጆቹ ዘጠናዎቹ አጋማሽ ናይሮቢ፣ ሳውዝ ሲ የሚባል ሰፈር ነበር የምንኖረው፤ እማዬ፣ ታላቅ እህቴና እኔ። አባታችን ከአገር ሳንወጣ ነው ያረፈው። እማዬ ኪሌሌሽዋ በሚባለው ሰፈር ፈረንጆች ቤት ምግብ ታበስል ነበርና፣ ፈረንጆቹ ጓዛቸውን ጠቅልለው ሲሄዱ ሁለት ድስት የሚያስጥድ የጋዝ ምድጃቸውን ሰጧት። እማዬ ግን አልለኮሰችውም። ሳሎን፣ ከቴሌቪዥኑ ጎን አስቀምጣ ዳንቴል አለበሰችው። እንግዳ ሲመጣ ዳንቴሉን ገለጥ አድርጋ ታሳያለች። ወጣችን ግን እንደ ድሮው ጓሮ ውስጥ፣ ጂኮ በምንለው የከሰል ምድጃ ላይ ይበስል ነበር።

ምድጃውን ማጽዳት የእኔ ሥራ ነበር። አሥራ ሁለት ዓመቴ ነው። ቅዳሜ ቅዳሜ በእርጥብ ጨርቅ እወለውላለሁ፣ በደረቅ እደግማለሁ፣ ከዚያ ደግሞ ራሴ የፈጠርኩት ጥበብ ነበረኝ፤ ትምህርት ቤት ስሄድ ጉልበቴን የምቀባውን ቫዝሊን በጣቴ እየዛቅሁ እሳት የሚወጣባቸውን ቀዳዳዎች ሳይቀር እለቀልቀዋለሁ። ያበራል ብላችሁ! እማዬ «እጅሽ ይባረክ» ትለኛለች፤ እኔም እኩራራለሁ። እንዲህ እያልን ስምንት ወር ሄደ።

በዚህ መሐል ለእህቴ ሽማግሌ ሊላክ ነው ተባለ። ልጁ የቤተ ክርስቲያናችን ልጅ ነው፤ ትወደዋለች። የልጁ አጎት ግን «ዘመድ የሌላት ልጅ ናት፣ ማንን ብለን ነው የምንጠይቀው?» ማለቱን እማዬ ሰማች። ሁለት ቀን ምግብ አልበላችም። እውነቱን ነው፤ በናይሮቢ ከተማ ከእኛ ወገን ሆኖ ሽማግሌ የሚቀበል አንድ ወንድ አልነበረንም። በሦስተኛው ቀን ተነሥታ «እኔው እቀመጣለሁ፤ ቤቴን አይተው ይፍረዱ» አለች። የጋዝ ሲሊንደር አስመጣች። ከሰል ከእንግዲህ በቃን ብላም ጂኮውን በር ላይ በቆሎ ለምትጠብሰው ሴትዮ ሰጠቻት።

የቀጠሮው ዕለት ጠዋት ምድጃው ወደ ኩሽና ገባ። እማዬ ሩዙን ከሥጋና ከቅመም ጋር ፒላው ልትሠራ ድስቷን ጥዳ ክብሪት ጫረች። ሰማያዊ እሳት ስንጠብቅ ረጅም ቢጫ ነበልባል እየተንጣጣ ወጣ። ጭሱ ኩሽናውን ሞላው፤ ሽታው የእኔ ጉልበት ሽታ ነው! የድስቱ ቂጥ በአንድ አፍታ ከሰል መሰለ። ሁለተኛው እሳት ማውጫ ጭራሽ እምቢ አለ።

«ማሚ፣ ሼም ነው! ሊመጡ እኮ ነው!» አለች እህቴ፣ ነጭ ቀሚሷን ከጭሱ እየሰበሰበች።

በመስኮት ስናይ ሴትዮዋ በጂኮአችን ላይ በቆሎዋን ደርድራለች።

«ፖሌ ማሚ...» አልኩ፣ በስዋሂሊ ይቅርታ ማለቴ ነው፤ «ቫዝሊን ቀብቼው ነው።» እማዬ አልመታችኝም። መሬት ላይ ተቀምጣ አለቀሰች፤ እሱ ነው የባሰብኝ።

ሮጬ ወጣሁ። ከጎናችን አንድ ኤርትራዊ ሽማግሌ ብቻቸውን ይኖሩ ነበር፤ ወጣትነታቸውን አዲስ አበባ ሆቴል ቤት ሲያበስሉ ነው የጨረሱት። አባባ ነበር የምላቸው። ጭሱን አይተው ኖሮ ከነሸበጣቸው መጡ። ምድጃውን አንድ ጊዜ አዩት፣ አሸተቱት፣ ከዚያ ሆዳቸውን ይዘው ሳቁ።

«ጓለይ» አሉኝ፤ ልጄ ማለታቸው ነው፤ «ይሄን ልትድሪው ነው እንዴ እንዲህ የቀባሽው?»

እጅጌያቸውን ሰብስበው መሬት ቁጭ አሉ። ክዳኖቹን አውልቀው በፈላ ውኃና በሳሙና ነከሩ። እኔ በብሩሽ እፈትጋለሁ፤ እሳቸው እያንዳንዷን ቀዳዳ በመርፌ ይወጋሉ፤ ወደ ብርሃን አንሥተው በአንድ ዓይናቸው አሻግረው ያያሉ። «ውኃ ከቀረበት አይነድም፣ አድርቂ» ይሉኛል። መልሰው ገጣጥመው ሲለኩሱት ፍፍ ብሎ ሰማያዊ አክሊል ወጣ። አጨበጨብን። እማዬ ዕንባዋን ሳትጠርግ ድስቱን ጣደች።

ወዲያው በሩ ተንኳኳ። ሦስት ሽማግሌዎች፤ አንደኛው ያ አጎት ነው። አባባ ገና ወለሉ ላይ ናቸው፣ እጃቸው እስከ ክርናቸው ጥቁር።

አጎትየው በኩሽናው በር አጮልቆ «የልጅቷ አባት እርስዎ ነዎት?» አለ።

አባባ እማዬን አዩ፣ እህቴን አዩ። ቀስ ብለው ተነሡና ያንን የተከበረ ዳንቴል አንሥተው እጃቸውን ጠረጉበት።

«አዎ፣ እኔ ነኝ። ግቡ፣ ተቀመጡ» አሉ።

ሽማግሌዎቹ ቆመው ጉዳያቸውን ተናገሩ። አባባ እስከ መጨረሻው ሰምተው «ከዘመድ ልመካከር» አሉና ወደ ኩሽና መጡ። ዘመዱ እህቴና እኔ ነን።

«ትወጂዋለሽ?» አሏት በሹክሹክታ። ራሷን በአዎንታ ነቀነቀች። «አንቺስ ምን ትያለሽ?» አሉኝ። በሕይወቴ እንደዚያ ቀን ትልቅ ሰው ሆኜ አላውቅም። «ይሁን» አልኩ።

ተመልሰው «ዘመድ ተስማምቷል። አንድ ነገር ግን አለ፤ ልጃችሁ ምድጃ ማጽዳት ይችላል?» ሲሉ አጎትየው ራሱ ሳቀ። ፒላው ትንሽ ቢያርም ድስቱ ተጠርጎ ተበላ።

ማታ እማዬ «ጋሼ፣ ዋሸን እኮ» ብትላቸው፣ «እኔ አልዋሸሁም፤ አንቺ ከዋሸሽ ንስሐ ግቢ» አሏት። በሠርጉ ቀን እህቴን ክንዷን ይዘው ያስገቧት እሳቸው ናቸው። ከዚያ በኋላ እኔም አባባ ስል አፌ ብቻ አልነበረም የሚለው።

ከሁለት ዓመት በኋላ እሳቸው አስመራ ገቡ፣ እማዬና እኔ አዲስ አበባ። ትንሽ ቆይቶ ጦርነት ሆነ፤ በሁለቱ አገሮች መካከል ስልኩም ተቋረጠ። ዓመታት አልፈው ለእኔ ሽማግሌ ሲመጣ አጎቶቼ ሳሎኑን ሞልተውት ነበር፤ በነጭ ጋቢ፣ በከዘራ፣ ምንም የጎደለ የለም። እንደ ወጉ ፈቃድ ሲጠየቅ አጎቶቼ እማዬን አዩ።

እማዬ «አባቷ አስመራ ናቸው» አለች። «ስልክ ቢገባ መጀመሪያ እሳቸውን እጠይቅ ነበር።»